የሎሚዎቹ ጾም

ዛፍ ውኃ ሲጠማው ያመዋል?

ይህን መጀመሪያ የጠየቅሁት በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ነው። የጠየቅሁትም ራሴን ነው። መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ መምህራችን ስለ ሥርና ስለ ቅጠል ያስተማሩን ትዝ ይለኛል፤ ስለ ሕመሙ ግን አንድም ቃል አልነገሩንም። ሰው ሲጠማው ይናገራል፤ ይለምናል፤ ሲብስበትም ይሳደባል። ሎሚ ግን ቅጠሉን እንደ ሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ታዲያ እኔ በምን ልወቅለት?

ሎሚዎቹ ዘጠኝ ነበሩ። ከቤቴ ጓሮ ጀምረው በሁለት ረድፍ ወደ ኾሩ ይወርዳሉ። ኾር የምንለው መተማን ከሱዳኑ ገላባት የሚለየውን፣ ከክረምት በቀር ውኃ የማያይ ወንዝ ነው። ባለቤቴ አገኘሁ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቦታውን መንጥሮ ያጠረው ልጃችን ድክ ድክ ሲል ነው። የተከላቸው ግን ኢሳ ነው። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ የሰሊጥ መጋዘን ቆሟል። ሎሚም ከሌላ አገር በአይሱዙ እየመጣ በጉሊት ይሸጣል፤ ልጣጩ ወፍራም፣ ውኃው ጥቂት። የልጅ ልጆቼ «ጥሩ ሎሚ ነው» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ሌላ አላዩ።

ያኔ በአበባው ወራት ከጎንደር የሚመጣው አውቶቡስ ሲቆም ተሳፋሪው አቧራውን እያራገፈ ይወርድና «እሰይ! ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» ይላል። ገላባት ያሉ ሴቶች ነፋሱ ሲያመጣላቸው «የአገኘሁ ሎሚ አበበ» ይባባሉ እንደነበር ኢሳ ነግሮኛል። ሎሚው ሲደርስ ሱዳኖቹ በአህያ ይሻገራሉ፤ ሳሙናና ስኳር አምጥተው ሎሚ ጭነው ይመለሳሉ። ሙቀቱ የተከደነ ድስት ውስጥ ያለን ያህል ሲያፍነን በሎሚዎቹ ጥላ አንገረብ እናወጣለን። አንገረብ ያው በጠፍር የተወጠረው የሱዳን አልጋ ነው። እዚያ ላይ ጋደም ብዬ፣ ባለቤቴ ከኢሳ ጋር ስለ መግረዝና ስለ ፍግ ሲከራከር እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከዚያ ወዲህ አልተኛሁም።

ኢሳ የሱዳን ተወላጅ ነው። በጎልማሳነቱ አንድ ዶማና አንድ የመግረዣ መቀስ ይዞ ተሻገረ፤ አርባ ዓመት ያህልም ከእኛ ጋር ኖረ። ባፈና የምትባል የቋራ ሴት አግብቶ፣ እሷም እዚሁ ሞታ እዚሁ ተቀብራለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጀለቢያው ሁልጊዜ የታጠበ። እኔን «ያ ሲት» ይለኛል፤ እመቤቴ ማለቱ ነው። አማርኛው አንዳንዴ አንቱን ከአንቺ ይቀላቅላል፤ እኔ ግን «አያ ኢሳ» እያልኩ አከብረው ነበር።

አብዮቱ ሲመጣ አትክልት ቦታው ወደ ገበሬ ማኅበር ገባ። ሊቀ መንበሩ ቢሻው ነው፤ በልጅነቱ አጥሩን እየሾለከ ሎሚ ሲሰርቀን ያደገ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ግን ከላይ የተላከ ወረቀት ሲደርሰው አንድ ቃል ሳይቀንስ ይፈጽም ነበር። በሰባ ሰባት ጥቅምት እንደዚያ ያለ ወረቀት መጣ። መታወቂያ የሌለው የውጭ ሰው ሁሉ ኾሩ ላይ ያለውን ድልድይ ወደ ሱዳን ይሻገር የሚል።

ቢሻው ጓሮዬ ድረስ መጣ። ኢሳ ዶማውን እየሳለ ነበር።

«አያ ኢሳ፣ ምን ብዬ ልጻፍዎ? ሱዳናዊ አትክልተኛ ልበል?»

«አትክልተኛውን ጻፍ፤ ሱዳናዊውን ተወው።»

ቢሻው ሳቅ ብሎ ወዲያው አኮረፈ። «አይቀልዱ እንጂ። እኔ እኮ ልረዳዎ ነው የመጣሁት። እነዚህ ዛፎች ሁለት ዓመት ይህ ነው የሚባል ፍሬ አልሰጡም። ለሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ ለሠራተኞች ቀን፣ ኮሚቴ ለጉብኝት ይመጣል። ፍሬ ይዘው ካገኛቸው የማኅበሩ አትክልተኛ ብዬ አባል አደርግዎታለሁ፤ መታወቂያም ይወጣልዎታል። ካላፈሩ ቦታው ለማሽላ ይመነጠራል። እርስዎም...» አለና አገጩን ወደ ድልድዩ ቀሰረ።

«እዚያ ማን አለኝ?» አለ ኢሳ። «ወንድሞቼ ሞቱ። ልጆቻቸው አያውቁኝም። መቃብሬ ያለው እዚህ ነው።»

«እሱን ለዛፎቹ ይንገሯቸው» ብሎ ሄደ ቢሻው።

ነገሩ እንግዲህ ይህ ነበር። ሎሚዎቹ እስከ ሚያዝያ ካፈሩ ኢሳ ይቀራል፤ ካላፈሩ ይሄዳል። ውኃስ የት አለ? ያለፈው ክረምት ነሐሴ ሳይጋመስ ቆርጦ ነበር። ጓሯችን አጠገብ ያለው የማኅበሩ ጉድጓድ ገመዱን ሁለት ክንድ አስረዝመንለት እንኳ የሚሰጠን ጭቃ የቀላቀለ ነው። ለአንድ ቤት በቀን ሁለት ጀሪካን፣ ለአትክልቱ በጠቅላላ አራት ጀሪካን ተመደበ። ጉድጓዱን የሚጠብቀው ጀምበሩ ነው፤ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ወርዶ በዚያው የቀረ፣ አፉ የማያርፍ ሰው።

«አራት ጀሪካን ለዘጠኝ ዛፍ» አልኩት ኢሳን። «ለዘጠኝ ልጅ አንድ ቂጣ እንደ መቁረስ እኮ ነው። ምን ሊበጅ ነው?»

«አራቱንም አንሰጣቸውም» አለ።

«እንዴት?»

«ሲያም። ጾም። እናስጾማቸዋለን፣ ያ ሲት።»

ያፌዘብኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ተቀምጦ አስረዳኝ። ሎሚ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ካገኘ ይሰንፋል አለ፤ ነገም አለ ብሎ ቅጠል ብቻ ያወጣል። አርባ ቀን ያህል ፈጽመው ውኃ ከነሱት ግን ይደነግጣል። መሞቴ ነው፣ ዘሬን ልተው ይላል። በዚያን ጊዜ ውኃውን በአንድ ቀን እስኪጠግብ ሲሰጡት አበባ ይሆናል፣ አበባውም ይይዛል። አባቱ በናይል ዳር እንዲህ ሲያደርግ አይቶ ነው ያደገው። ጉድጓዱም እስከዚያ ያርፍና ውኃ ያጠራቅማል።

«አያ ኢሳ፣ ቢሞቱስ?»

«አይሞቱም።»

«በእኛ በጭልጋ ወይራው ማንም ሳያጠጣው ያፈራል፤ ማንም አያስጾመውም።»

«ወይራሽ መነኩሴ ነው» አለኝ፤ «ሎሚ የቤት ልጅ ነው። የቤት ልጅ ካልተቆጡት ሥራ አይሠራም።»

ለእኔ እንዲቀለኝ ብሎ ጾሙን ከነቢያት ጾም ጋር አስጀመረው። ኅዳር አሥራ አምስት ተያዘ፤ የሚፈታው በገና። ጀምበሩ ይህን ሲሰማ ከጉድጓዱ አፍ ላይ በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ።

«እናንተየ! ዛፎቹ እስላም ናቸው ክርስቲያን? ረመዳን እስኪደርስ አልችል ብለው ነው?»

«ከአንተ ይሻላሉ» አለው ኢሳ። «አንተ የሁለቱንም አትጾምም።»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ቻልኩት። ሁልጊዜ ማለዳ ወጥቼ አያቸዋለሁ። መጀመሪያ አረንጓዴያቸው ደበዘዘ። ከዚያ ቅጠሉ መጠቅለል ጀመረ፤ በቀትር ሳየው ጫፉ የተኮማተረ የአሮጊት ጣት ይመስላል። ኢሳ ቅጠሉን በጣቶቹ እየዳሰሰ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» ይላል። እኔ ግን ጥሩ የሆነ ነገር አልታየኝም።

እኔ እንዲህ ነኝ። ልጄ አለነ በስድሳ ዘጠኝ ሚሊሺያ ሆኖ ዘምቶ ከቀረ ወዲህ የተጠማ፣ የተራበ፣ የተኮማተረ ነገር ሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም። ለእኔ የተወልኝ ልጁን ውባንችን ነው፤ እናቷም በወሊድ ሞታለች። ውባንችን በሰባት ዓመቷ ጾም ጀምሪ ሲሏት ቂጣ በነጠላዬ ደብቄ አበላት ነበር። አሁን ዐሥራ ስምንት ሞልቷት ለማኅበሩ መሠረተ ትምህርት ታስተምራለች። ሲያነጥሳት ግን እኔ ነኝ የምታመመው።

በዐሥራ ሰባተኛው ቀን ትንሿን ሎሚ አየኋት። በስድሳ ዘጠኙ ግርግር ከዛፎቹ አንዱ ተቃጥሎ፣ በእሱ ቦታ በሰባ አንድ የተተከለች ናት። ቆጠርኩ፤ ስድስት ዓመቷ ነው። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ደግሞ አይጾምም። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ቄሱም ቢጠየቁ የሚሉት ይህንኑ ነው። ኢሳ የእኛን ጾም ከጠቀሰ የጾሙን ሕግ አብሮ መቀበል አለበት አልኩ በልቤ።

በቀትር ኢሳ ለሶላት ይሄዳል፤ ከዚያም ሐሩሩ እስኪበርድ መስጊዱ ጥላ ሥር ያርፋል። ጀምበሩም ጉድጓዱን ቆልፎ ይተኛል። በመተማ በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳ አይንቀሳቀስም። ማሽላ ያጠብኩበትን ውኃ በጣሳ ይዤ ወጣሁና ትንሿ ሎሚ ግርጌ አፈሰስኩት። መሬቱ ሲጠጣው ድምፅ ነበረው። ፀሐይዋ ላዩን ወዲያው አደረቀችው፤ ምንም አይታወቅም። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከትልቅ ኃጢአት የወጣሁ ያህል ቀለለኝ።

በማግስቱ ሦስተኛው ዛፍ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። ሕመምተኛ አይጾምም። ጣሳ ሁለት ሆነ። አምስተኛው ላይ ካለፈው የተረፉ ሁለት ሎሚዎች ተንጠልጥለው ነበር። የምታጠባ እናት ደግሞ እንዴት ትጾማለች? አንደኛው፣ አገኘሁ መጀመሪያ ያስተከለው፣ ሽማግሌ ነው፤ ለሽማግሌም ይታሰባል። ለቀሩት አራቱ ምክንያት አጣሁላቸው። ግን ጎረቤታቸው ሲጠጣ እያዩ እነሱን መተው ግፍ መሰለኝ። ዘጠነኛውን ብቻ አልደረስኩበትም፤ ከኾሩ አፋፍ ላይ ከእሾህ አጥር ማዶ ነበር፣ ጉልበቴም አያሻግረኝም። ሁልጊዜ ወደ እሱ እያየሁ «ይቅር በለኝ» እለው ነበር።

በቤት ውስጥ ያለው ውኃ አነሰ። ውባንች ገረማት።

«እማየ፣ ይህ ውኃ የት ይሄዳል? ዛሬ ፊቴን በጥርኝ ውኃ ነው የታጠብሁት።»

«ጀሪካኑ ያፈሳል መሰለኝ፣ ልጀ።»

«የት ጋ? ገልብጨ አየሁት እኮ፤ ደኅና ነው።»

«ታዲያ የምትጠጭው አንች ትሆኛለሽ!»

ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። በዚያው ሰሞን ቢሻው ስብሰባ ጠርቶ አዲስ ደንብ አንብቦ ነበርና። ጊዜው የውኃ ችግር ስለሆነ፣ ከተመደበው ውጭ አትክልት ላይ ውኃ ያፈሰሰ ቤት ከውኃው ዝርዝር ይሰረዛል፤ ከቤቱም የማኅበር ሥራ የሚሠራ ካለ ከሥራው ይነሣል። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ውባንች ደንቡን በደብተሯ ጻፈችው፤ ለተማሪዎቿ ልታነብላቸው። ያን ቀን እተዋለሁ ብዬ ማልሁ። በማግስቱ ቀትር ላይ ጣሳዬን ይዤ ወጣሁ። ምን ላድርግ፤ ቅጠሎቹን አይቻቸው ነበር።

ገና ደረሰ። እንደዚያ ያለ ገና ከዚያ በኋላ አላየሁም። ጉድጓዱ አርፎ ውኃው ወደ ላይ መጥቶ ነበር። ኢሳ በየዛፉ ዙሪያ ሰፊ ገንዳ ቆፍሯል። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ ጀሪካኑንና ባልዲውን ይዞ መጣ፤ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችንም መጡ። ጀምበሩ እጅጌውን ሰብስቦ ገመዱን ይጎትታል፣ ውባንች ታቀባብላለች፣ ቢሻው ራሱ የሊቀ መንበር ካኪውን አውልቆ ሁለት ባልዲ አደረሰ። ኢሳ «ቢስሚላሂ» ብሎ የመጀመሪያውን ሲያፈስ እኔ አማተብሁ። ሴቶቹ እልል አሉ።

«ጾማችሁን ፍቱ!» ይላል ጀምበሩ ለዛፎቹ። «ግን ቀስ በሉ፤ ሆዳችሁን እንዳያማችሁ!»

የረጠበው አፈር ሽታ እስከ ገበያው ድረስ ሄደ። ያን ቀን ሁላችንም አንድ ቤት ሆነን ነበር። ኢሳ ከዛፍ ዛፍ ሲመላለስ የሃያ ዓመት ጎረምሳ መሰለኝ። «በሦስተኛው ሳምንት ታዪዋለሽ» አለኝ። «በረዶ የወረደ ነው የሚመስልሽ።» በረዶ የት እንዳየ አልጠየቅሁትም።

በሦስተኛው ሳምንት ዛፎቹ ለመለሙ። አቤት ልምላሜ! አዲስ ቅጠል በቅጠል ላይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ለስላሳ። ጎረቤቱ «እሰይ፣ ዳኑ!» እያለ ይገባል ይወጣል። እኔም ደስታዬን አልቻልኩም። ማለዳ ስወጣ ኢሳ ትንሿ ሎሚ ግርጌ ተንበርክኮ አንድ ነገር ይነቅላል።

«አያ ኢሳ፣ እንዴት አማረባቸው! ምን እያረሙ ነው?»

«ሣር» አለ።

የነቀለውን ጀለቢያው ኪስ ውስጥ ከተተው። ሣር ለምን ኪስ ይገባል ብዬ አላሰብሁም። ተነሣና አፈሩን ከጉልበቱ አራገፈ።

«ነይ፣ ያ ሲት።»

በሁለቱ ረድፎች መካከል ወሰደኝ። የእሾህ አጥሩን በዶማው ገፋ አድርጎ፣ እጄን ይዞ አሻገረኝ። ዘጠነኛው ሎሚ አበባ ብቻ ነበር። ቅጠሉ እስከማይታይ ነጭ፤ ንቡ ሲያርፍበት ዛፉ ራሱ የሚያንጎራጉር ይመስላል። ሽታው ፊቴን መታኝ። የአገኘሁን ዘመን፣ አለነ ከሥሩ ሲሮጥ፣ አውቶቡሱን፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አመጣብኝ።

«ጾሙን የጨረሰው ይህ ነው» አለ ኢሳ። ወደ ስምንቱ ዞሮ አየ። አረንጓዴ ናቸው፤ አንድም አበባ የለባቸውም። «የእነዚያ ግን ምን እንደሆነ እንጃ።»

እኔ ግን ምን እንደሆነ አወቅሁ። በየቀኑ በጣሳ ነገም አለ ስላቸው የከረምኩት እኔ ነኝ።

ደግሞ ማስጾም ይቻል ነበር ትሉ ይሆናል። ጠይቄው ነበር። «ጊዜው አለፈ» አለኝ፤ «በመጋቢት ሙቀት ብናስጾማቸው በእውነት ይሞታሉ። ቢያብቡም ለሚያዝያ አይደርስም።» ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ ልነግረው ስነሣና ስቀመጥ ከረምኩ። አንድ ቀን ሻይ አፍልቼለት «አያ ኢሳ...» ብዬ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ውባንች በደስታ እየሮጠች ገባች፤ ተማሪዎቿ ስማቸውን መጻፍ ቻሉ። ፊቷን ሳይ ቃሌን ትቼ ሻዩን ቀዳሁለት። ከውኃው ዝርዝር ብንሰረዝ እኔ አሮጊቷ ግድ የለኝም። እሷ ግን? ከሥራው ቢያነሷትስ? አባቷን ሰጥቻለሁ፤ ደግሞ ምን ልስጥ? ለራሴ እንዲህ እያልኩ ለእሷ ፈረድኩላት።

የሚያዝያ ሃያ ሦስት ዕለት ኮሚቴው መጣ። ቢሻው፣ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች፣ አንድ ማስታወሻ ደብተር የያዘ ወጣት የግብርና ባለሙያ። ዘጠነኛው ሎሚ ብይ የሚያህል ፍሬ በጭብጥ በጭብጥ ይዞ ነበር። ባለሙያው ስለ ጾሙ ከቢሻው ሰምቶ ነበርና እያገላበጠ አደነቀው። ከዚያ ወደ ስምንቱ መጣ።

«እነዚህ ምን ነካቸው? አፈሩ ያው፣ ውኃው ያው።»

ባለሙያው ትንሿ ሎሚ ሥር ጎንበስ አለ። ከግንዱ ተጣብቆ፣ በቅርንጫፉ ጥላ ተሸሽጎ አንድ የማሽላ አገዳ ቆሞ ነበር፤ ቁመቱ ጉልበት ይደርሳል።

«ማሽላ? ሎሚ ሥር ማሽላ ማን ዘራ?»

«ወፍ ይሆናል» አለ ጀምበሩ።

«ወፍ?» ባለሙያው አፈሩን በጣቱ ጫረው። የማሽላ ገለባ እንደ ቅርፊት ተጋግሮ ወጣ። ሁለተኛውም ዛፍ ሥር ጫረ፤ እዚያም አለ። «ይህ የእጣቢ ውኃ ነው። ሲጠጡ ነው የከረሙት። ጾሙን አንድ ሰው አስፈትቷቸዋል።»

ቢሻው ፊቱ ጠቆረ። «ማነው? ደንቡ ተነቧል። ማን እንዳፈሰሰ ይነገር!»

ውባንች ከጎኔ ቆማ ነበር። ዓይኗን ከማሽላው ላይ አነሣችና ቀስ ብላ ወደ እኔ አዞረችው። ስለ ጀሪካኑ እያሰበች እንደሆነ አወቅሁ። አፌን ከፈትኩ።

«እኔ ነኝ» አለ ኢሳ።

«አያ ኢሳ? እርስዎ?» ቢሻው ድምፁ ሰለለ። «ጾም ይሻላል ያሉን እኮ እርስዎ ነዎት!»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን?»

ኢሳ ትከሻውን ነቀነቀ። «አሳዘኑኝ።»

ቢሻው ቆቡን አውልቆ ደግሞ አጠለቀው። ከዚያ ለእንግዶቹ በሚሰማ ድምፅ፣ ዓይኑን ግን መሬት ላይ ተክሎ፣ አንድ ዛፍ ዘጠኝ እንደማይባል፣ ቦታው በሰኔ እንደሚመነጠር፣ አትክልተኛውም በሦስት ቀን ውስጥ ድልድዩን እንደሚሻገር ተናገረ። ባለሙያው ደብተሩ ላይ ጻፈ። ኢሳ ሰምቶ ሲጨርስ ዶማውን አነሣና የዘጠነኛውን ሎሚ ገንዳ አስተካከለ፤ የቀን ሥራው አልተፈጸመም ነበርና።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሊሰናበት ቤቴ መጣ። አንድ ከረጢት፣ የመግረዣ መቀሱ ጫፉ ብቅ ያለበት፣ ሌላ ዕቃ የለውም። ከባፈና መቃብር እየተመለሰ ነበር፤ ጫማው ላይ ቀይ አፈር አለ። አንገረቡ ላይ ተቀመጠ። ቀዝቃዛ ከርከዴ ሰጠሁት። ውባንች ጥግ ላይ የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች፤ ከጉብኝቱ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም። ስለ ሙቀቱ አወራን። ሸሕዲ ላይ ዘነበ ስለመባሉ አወራን። አገኘሁ አንድ ጊዜ መቀሱን ደብቆበት ሦስት ቀን እንደተኳረፉ አስታወሰኝና ሁለታችንም ሳቅን።

«አያ ኢሳ» አልኩት። «ውኃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።»

የውባንች እርሳስ ቆመ።

«ትንሿ ሰባት ዓመት አልሞላትም ብዬ ነው። ከዚያ የታመመውን... ከዚያ ሁሉንም። እርስዎ መስጊድ ሲሄዱ በቀትር። ሊሞቱ መሰለኝ። አበባ የሚከለክል መሆኑን አላወቅሁም፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አላወቅሁም።» እያለቀስኩ ነበር። «አሁን እሄዳለሁ። ቢሻው ጋ ሄጄ እነግረዋለሁ። ልጁ ሎሚዬን ሲበላ ነው ያደገ፤ ይሰማኛል። አሁኑኑ እሄዳለሁ።»

ነጠላዬን ከሚስማሩ አወረድኩ። ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁት። በሩ ሦስት እርምጃ ነው። ውባንችን አየኋት፤ እጇ በደብተሮቹ ላይ፣ ዓይኖቿ የአለነ ዓይኖች። ቆምኩ። አንድ እርምጃ ሄድኩና ቆምኩ። «ፀሐይዋ በረድ ስትል» አልኩ። «ትንሽ በረድ ስትል እሄዳለሁ።»

ኢሳ እኔን አየኝ። ውባንችንም ለረጅም ጊዜ አያት። ከርከዴውን እስከ መጨረሻው ጠጣና ብርጭቆውን አንገረቡ ሥር፣ ማንም እንዳይረግጠው ወደ ግድግዳው አስጠግቶ አስቀመጠው። ከረጢቱን በትከሻው አንጠለጠለ። በሩ ለቁመቱ ሁልጊዜ ዝቅ ይልበት ነበርና ጎንበስ ብሎ ወጣና ወደ ድልድዩ ወረደ።